ያልተሰበሰበ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

(የዝግጅት ክፍሉ ማስታወሻ፦ ከዚህ በታች የምናቀርበው አንድ ነፃ ጋዜጠኛ በአዲስ አበባ ለእድር አመራሮች፣ ለባለአክሲዮኖችና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ቦርድ ውስጥ ለሚያገለግሉ ሰዎች ያደረገው ንግግር ነው። ተናጋሪው በጽሑፍ ካዘጋጀው ውጪ በቃል ያከለውንም ሳናወጣ እንዳለ አትመነዋል።)

የተሰጠኝ ርዕስ «የኩባንያዎችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መልካም አስተዳደርና ሕግ አክባሪነት» የሚል ነው። ኮት ለብሶ ከረባት ያሰረ ርዕስ ነው። እኔ ግን የሕግ ሰው አይደለሁም። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥቼ ለዚህም ለዚያም ጋዜጣ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ስለዚህ ሊቅ መስዬ ከመቅረብ ከጥፋት ልጀምር። ከራሴ ጥፋት።

እኔ በሕይወቴ አሥራ አንድ ጊዜ ባልተሰበሰበ ስብሰባ ላይ ተገኝቻለሁ። (ሳቅ)

አትሳቁ፤ ማስረጃው ፋይል ውስጥ አለ። ቃለ ጉባኤው «ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ሰብሳቢው ካረጋገጡ በኋላ ስብሰባው ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ተጀመረ» ይላል። ከግርጌው ስሜና ፊርማዬ አለ። በዚያን ዕለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የት እንደነበርኩ አላስታውስም። ስብሰባ ላይ እንዳልነበርኩ ግን በደንብ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ስብሰባ የሚባል ነገር አልነበረም!

ወደዚህ ጉድ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የአባቴን ነገር ላጫውታችሁ።

ግድግዳ ላይ የቀረ ሀብት

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጡረታ የወጣው ከተማችን ውስጥ የአክሲዮን ወረርሽኝ በገባበት ዘመን፣ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ነው። ታስታውሱታላችሁ። ባንክ በምሥረታ ላይ፣ ሲሚንቶ በምሥረታ ላይ፣ ቢራ በምሥረታ ላይ፣ ሪል እስቴት በምሥረታ ላይ! ጋዜጣው፣ ራዲዮው፣ የታክሲው ወሬ ሁሉ አክሲዮን ነበር። አክሲዮን ያልገዛ ሰው ከባቡር የቀረ መንገደኛ ይመስለው ነበር።

አባቴም ከባቡሩ ላለመቅረት 25 ሺህ ብር አወጣ። ለማን እንደሰጠ ስሙን አልጠራም፤ ለዛሬው ነገራችን ስሙ አያስፈልግም። የተሰጠው ምስክር ወረቀት ባለቀለም ነበር፤ ማኅተም ያረፈበት፣ ዳር ዳሩ በሐረግ ያጌጠ። አባቴ በመስታወት አስገጥሞ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ጎን ሰቀለው።

እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። የአባቴ ዓይን ስለደከመ የጉባኤ ጥሪ ሲመጣ የማነብለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን «አጀንዳ 3፦ የውጭ ኦዲተር ሪፖርት ማዳመጥና ማጽደቅ» ብዬ ሳነብለት ቀና ብሎ አየኝና «ማዳመጥና ማጽደቅ ብቻ ነው? መሀል ላይ መጠየቅ የሚል የለም?» አለኝ። «የለም» አልኩት። ሾፌሩ አባቴ የኩባንያ አስተዳደር ትምህርት ቤት ሳይገባ የነገሩን ቁልፍ አግኝቶት ነበር። ችግሩ፣ ጥያቄውን የጠየቀው እኔን ነው፤ እዚያ ሄዶ አልጠየቀም።

በመጀመሪያው ዓመት ጉባኤው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተደረገ። ለስላሳና ኬክ ተበላ፣ የሕንፃ ሥዕል በትልቅ ስክሪን ታየ፣ ተጨበጨበ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ትሁት ወጣት ቤታችን ድረስ መጣ። «ፋዘር፣ እርስዎ ለምን ይደክማሉ? እዚህች ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ» አለው። የውክልና ወረቀት ነው። አባቴ ፈረመ፤ ቡናም ጋበዘው። በሦስተኛው ዓመት ጥሪ አልመጣም። በአራተኛውም አልመጣም። አንድ ቀን ወደ ቢሮው ሲሄድ ዘበኛው «ለቀዋል አባባ» አለው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አባቴ ሞኝ አልነበረም፤ ወረቀቱ ግን አልለቀቀውም። እሱ ካረፈ በኋላ ውርሱን ስናጣራ «የአክሲዮን ድርሻ» ብለን ጻፍን። ዋጋው ስንት ነው ስንባል የሚነግረን ሰው ጠፋ። ምስክር ወረቀቱ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ። እናቴ አላወርደውም አለች።

ሕጉ ተኝቶ ነበር?

አሁን እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሁላችንም «ምን ይደረግ፣ ሕግ በሌለበት አገር!» እንላለን። እኔም እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። ኋላ ግን ተቀምጬ ሕጉን ሳነበው አፈርኩ።

አባቴ አክሲዮን ሲገዛ ይሠራ የነበረው በ1952 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው የንግድ ሕግ ነው። ያ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በወጣው በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 እስኪተካ ድረስ ስለ ኩባንያዎች 61 ዓመት አገልግሏል። ምን ይል ነበር መሰላችሁ?

የአክሲዮን ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አምስት አባላትና 50 ሺህ ብር ካፒታል ያስፈልጋል። ከአክሲዮኑ ዋጋ ቢያንስ ሩቡ ተከፍሎ፣ በምሥረታ ላይ ባለው ማኅበር ስም ባንክ መቀመጥ አለበት። መሥራቾች ለድካማችን ብለው ልዩ ጥቅም ቢወስዱ ከተጣራ ትርፍ ከአንድ አምስተኛ፣ ጊዜውም ከሦስት ዓመት አይበልጥም። ልብ በሉ፣ ከትርፍ ነው የሚለው! ገና ከተሰበሰበው የሕዝብ ገንዘብ አይደለም።

የበጀት ዓመቱ በተዘጋ በአራት ወር ውስጥ መደበኛ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። ኦዲተሩን የሚመርጠው ጉባኤው ነው፤ የመሥራቾችና የዳይሬክተሮች ዘመድ ኦዲተር መሆን አይችልም። ከካፒታሉ 20 በመቶ የያዙ ባለአክሲዮኖች የራሳቸውን ኦዲተር ማስመረጥ ይችላሉ። አንድ አሥረኛ የያዙ ደግሞ የንግድ ሚኒስቴር መርማሪ እንዲመድብላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ዳይሬክተሮች ከኩባንያው ገንዘብ መበደር አይችሉም፤ ከዚህ የወጣው ባንክ ነው። ዳይሬክተሩ ከገዛ ኩባንያው ጋር ውል ሊገባ ቢፈልግ አስቀድሞ ቦርዱ መፍቀድ፣ ኦዲተሮች ማወቅ፣ ጉባኤውም መስማት አለበት።

ይህ ሁሉ በጃንሆይ ዘመን ተጽፎ፣ በደርግ ዘመን አቧራ ለብሶ፣ በኢሕአዴግ ዘመን ከመደርደሪያ የወረደ ሕግ ነው። ሕጉ ነበረ። ያልነበርነው እኛ ነን።

ለምሳሌ ስለ ምልዓተ ጉባኤ ይል የነበረውን እዩት። መደበኛው ጉባኤ በመጀመሪያው ጥሪ ድምፅ ከሚሰጥባቸው አክሲዮኖች ሩቡ ካልተገኘ አይካሄድም፤ በሁለተኛው ጥሪ ግን የመጣው ቢመጣ ይካሄዳል። ይህ ማለት ቤቱ ቁጭ ያለ ባለአክሲዮን ገለልተኛ አይደለም ማለት ነው። ቀርቶ ለመጡት ወስኗል። አባቴ በፊርማው፣ ሌላው በመቅረቱ፣ ሦስተኛው አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ስም ባለመጠየቁ፣ ያን አንድ አሥረኛ ሳያሟሉት ቀሩ። ገንዘባቸው ቢደመር መርማሪ ያስመጣ ነበር። ለየብቻቸው ግን ከዘበኛ ጋር ሲነጋገሩ ከረሙ።

መተዋወቅ ያልኩት በምክንያት ነው። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሲቋቋም መሥራቾቹ 486 ሰዎች፣ የተከፈለ ካፒታሉ 24.2 ሚሊዮን ብር ነበር። 486 ሰው ቢያንስ በመልክ ይተዋወቃል፤ ለቅሶ ላይ ይገናኛል፤ ይተማል። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ግን ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች ይዞ ተነሣ። መቶ ሺህ ሰው በየትኛው አዳራሽ ይሰበሰባል? በምን ይተማል? ባለቤቱ በበዛ ቁጥር ባለቤትነቱ ይሳሳል። ያኔ ሐሜትና ይሉኝታ የሠሩትን ሥራ መሥራት የሚችለው ሕግ ብቻ ነው፤ ያውም የሚነበብና የሚጠየቅበት ሕግ።

የእኔ ፊርማ

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ።

ኮሌጅ ጨርሼ ጥቂት ዓመት እንደሠራሁ አንድ የማውቀው ሰው ችግረኛ ልጆችን በትምህርት ቁሳቁስ የሚረዳ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። «ቦርድ ውስጥ ጸሐፊ ሁንልኝ፤ ስም ብቻ ነው፤ አታስቸግርም» አለኝ። ደስ አለኝ። የቦርድ አባል መባል ደስ ይላል እኮ! ሰውየው ጥሩ ሰው ነበር። ይህን የምለው ለይስሙላ አይደለም፤ ሲጀምር በእርግጥ ለልጆቹ ያስብ ነበር።

በየሦስት ወሩ አንድ ካፌ እንገናኛለን። ማኪያቶ ይታዘዛል። ፋይሉን ያወጣና «እዚህ፣ እዚህና እዚህ» ይለኛል። እፈርማለሁ። ስለ ኳስ እናወራለን። ሌሎቹን የቦርድ አባላት ለየብቻ፣ በሌላ ካፌ፣ በሌላ ማኪያቶ እንዳስፈረማቸው ያወቅሁት በኋላ ነው። ቦርዳችን አንድም ቀን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ አያውቅም። ቃለ ጉባኤው ግን «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል። ሰፊ ውይይት!

በዚያ ጊዜ የሚሠራው የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 621/2001 ነበር። ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ከገቢያችሁ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ካገኛችሁ በሰብአዊ መብት ሥራ አትገቡም በሚለው አንቀጹ ነው። ሌላም ነገር ነበረው፤ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ አይለፍ፣ 70ው ለዓላማው ይዋል የሚል። የኛ ድርጅት በወረቀት ላይ ይህን አሳምሮ ያሟላ ነበር። እንዴት? አንድ መኪና በየወሩ ይከራያል፤ ኪራዩ «ለልጆች ቤት ለቤት ክትትል» ተብሎ ከፕሮግራም ወጪ ይመዘገባል። የመኪናው ባለቤት የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ነበረች። ውሉን ያጸደቀው ደግሞ ቦርዱ ነው። ቦርዱ ማለት እኔ ነኝ። ከማኪያቶው ጋር ፈርሜዋለሁ።

አንድ መስከረም ሰፈር ውስጥ አንዲት እናት አስቆሙኝ። ልጃቸው ከምንረዳቸው አንዱ ነው። «ወንድሜ፣ የልጁ ደብተርና ዩኒፎርም ዘንድሮ ቀረ ማለት ነው? ቢነግሩን እኮ እንደምንም አበድረን እናስገባው ነበር» አሉኝ። በንዴት አልነበረም የተናገሩት፤ በትሕትና ነው። እኔ ግን የዚያን ዓመት የዩኒፎርም በጀት «ሥራ ላይ ውሏል» የሚለውን ሪፖርት ፈርሜ ያስገባሁ ሰው ነበርኩ። ምን ልመልስላቸው? «አጣራለሁ» አልኩና ሄድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው የፈረምኩትን ማንበብ የጀመርኩት።

ከጊዜ በኋላ ምርመራ መጣ። መርማሪው ወረቀቱን ዘርግቶ «ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። «ስብሰባው የት ተደረገ?» አለኝ። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ከኖርኩት ዝምታ ሁሉ እንደዚያ የረዘመ የለም። ድርጅቱ ተዘጋ። እኔ እስር ቤት አልገባሁም፤ ቃሌን ሰጥቼ ወጣሁ። ልጆቹ ግን ዩኒፎርም ሳይኖራቸው ዓመቱ አለፈ።

ስለ ሕጉ ካነሣን፣ ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቷል። አዲሱ አዋጅ የ10 በመቶውን ገደብ ቢያነሣም የአስተዳደር ወጪውን ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። መልካም ነው። ነገር ግን 30ውን በወረቀት ያሟላ ሰው 20ውንም ማሟላት አያቅተውም። መቶኛውን የሚጠብቅ ቦርድ ከሌለ ቁጥሩ ቢቀያየር ምን ዋጋ አለው?

64 ገጽ ሥነ ምግባር

ይህ የኛ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ኤንሮን የሚባል ግዙፍ የኃይል ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ለሠራተኞቹ 64 ገጽ የሥነ ምግባር መመሪያ አሳትሞ አደለ። ስለ ታማኝነት፣ ስለ መከባበር የሚሰብክ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ያው ኩባንያ ከሰርኩ ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዕዳውን በጎን ባቋቋማቸው ድርጅቶች ሲደብቅ ኖሯል። ቦርዱ የተማሩ፣ የተከበሩ ሰዎች የተሰበሰቡበት ነበር። ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን በዓለም ካሉት አምስት ታላላቅ የኦዲት ድርጅቶች አንዱ ነበር፤ እሱም አብሮ ወደቀ። የጡረታ ቁጠባቸውን በኤንሮን አክሲዮን ያስቀመጡ ሠራተኞች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የአባቴ ዕጣ በእንግሊዝኛ ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ሳርቤንስ ኦክስሊ የተባለ ሕግ አወጡ። ከሕጉ ለኔ የሚበልጥብኝ አንድ ነገር ነው፤ ዋና ሥራ አስኪያጁና የፋይናንስ ኃላፊው የሒሳብ ሪፖርቱን አንብቤዋለሁ፣ በማውቀው ሁሉ እውነት ነው ብለው በየግላቸው እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል። «እኔ ምን አውቄ፣ የበታቾቼ ናቸው» ማለት ቀረ። የፈረመ ሰው በፊርማው ይጠየቃል።

እኛም ይህ ነገር አልጠፋንም። ያው የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአንቀጽ 364 የአክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተሮች ግዴታቸውን ባለመወጣታቸው ለሚደርሰው ጉዳት በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው ይል ነበር። በትጋትና በጥንቃቄ መሥራታቸውን ማስረዳት የራሳቸው ፈንታ ነው። ጥፋት የሌለበት ዳይሬክተር ነፃ የሚወጣው ተቃውሞውን ወዲያውኑ በቃለ ጉባኤ መዝገብ አስፍሮ ለኦዲተሮች ካሳወቀ ነው። አያችሁ? ቃለ ጉባኤ የጸሐፊ ማሟሟቂያ ወረቀት አይደለም። ለሌባው መደበቂያ፣ ለታማኙ ደግሞ መዳኛ የሚሆነው ያው አንድ መዝገብ ነው። አዲሱም ሕግ ቢሆን ከቦርድ አባላት ትከሻ ላይ ይህን ሸክም አላወረደም።

ጅብ ከሄደ

እዚህ ላይ «መንግሥትስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይነሣ እንጂ!

መንግሥት ራሱ ትልቁ ባለኩባንያ ነው። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም ሜቴክ የምንለው፣ ተቋቋመ። ቦርድ ነበረው፣ ሕግ ነበረው፣ ደንብ ነበረው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ወጥተው፣ ኮርፖሬሽኑ በስድስት ዓመት ውስጥ ከ37 ቢሊዮን ብር በላይ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ብለው ለሕዝብ ተናገሩ። በስድስት ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ቦርዱ ምን ይሰማ ነበር? ቃለ ጉባኤው ምን ይላል? «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ» ይል ይሆን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት እየተረትን ያደግን ሕዝብ ሳንሆን አንቀርም፤ የሚበላውን በጊዜው ከመጠየቅ የሚሻርበትን ቀን እንጠብቃለን።

በሌላ በኩል ደግሞ ቁጥጥሩ ዓይኑ የሚበራበት ቦታ አለ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሦስት የሰብአዊ መብት ድርጅቶችን ከተቋቋማችሁበት ዓላማ ወጥታችኋል በሚል አግዶ ነበር። በሚቀጥለው ወርም ሌሎች ተከትለዋል። አንድ ድርጅት ሕግ ቢጥስ ይጠየቅ፤ እኔ ተጠይቄያለሁ፤ መጠየቄም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሕግ ማክበር ማለት አፍን መዝጋት ማለት ከሆነ፣ ኪራይ የሚሰበስበው መኪና በሰላም እየዞረ የሚናገረው ሰው ይታገዳል። ያኔ የድርጅት መሪ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ወረቀትህን አሳምር፣ ድምፅህን ቀንስ። እንዲህ ያለው ቁጥጥር ሌባን አያርምም፤ ጸጥተኛ ሌባ ያፈራል።

ይህን የምለው ነገሩ ነገም ስለሚመጣብን ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀድሞ ኢትዮ ቴሌኮም የባለቤትነቱን 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ዋጋ ለሽያጭ አቅርቦ ነበር፤ ወደ 10.7 ሚሊዮኑ ተሸጦ 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰበሰበ፤ የገዛውም ከ47 ሺህ በላይ ሰው ነው። ከነዚህ ውስጥ ስንት ጡረተኛ ሾፌር እንዳለ አስቡት። አሁን ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ ሁሉም ስልክ ውስጥ ገብቷል። በጣት ተነክቶ የሚገዛ ነገር በጣት ተነክቶ ውክልና ይሰጥበታል። ትሁቱ ወጣት ቤት ድረስ መምጣትም ላያስፈልገው ነው።

የእናቴ እድር

ታዲያ መፍትሔው ከወዴት ይምጣ? ከውጭ አገር አማካሪ እናስመጣ? እኔ እናቴ እድር ውስጥ አይቼዋለሁ።

የእናቴ እድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ገንዘብ ያዡ መዝጋቢ አይደለም፤ መዝጋቢው ገንዘብ አይነካም። ከባንክ ለማውጣት የሦስቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ወጪው በጆሮ ሳይሆን በደብተር ይታያል። አንድ ጊዜ 300 ብር ጎደለ። ያን እሑድ ስብሰባው እስከ ምሳ ሰዓት አላለቀም። አንዲት አሮጊት ብድግ ብለው «እኔ ስሞት የምትቀብሩኝ በዚህ ብር ነው፤ ሳላየው አልሄድም» አሉ። ገንዘቡ የድንኳን ጠጋኝ ተከፍሎ ደረሰኙ ሳይያያዝ የቀረ ሆኖ ተገኘ። ሌባ አልነበረም። ቢሆንም እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

ወገኖቼ፣ ስለ ኩባንያ አስተዳደር የተጻፉት ወፍራም መጻሕፍት የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሥልጣን ከገንዘብ ይለይ። የሚያወጣውና የሚመዘግበው አንድ ሰው አይሁን። ባለቤቱ ይሰብሰብ፤ ይጠይቅ፤ ሳያይ አይሂድ። የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፤ ለ300 ብር እስከ ምሳ ሰዓት የምንቀመጥ ሰዎች ለ25 ሺህ ብር የውክልና ወረቀት ፈርመን ቡና እንጋብዛለን! በእድራችን ባለቤት ነን፤ በኩባንያችን ግን እንግዳ።

ስለዚህ ከመቀመጤ በፊት አምስት ነገር ልተውላችሁ። ከጥፋቴ የተማርኳቸው ናቸው።

አንደኛ፣ ባለአክሲዮን ከሆናችሁ የመመሥረቻ ጽሑፉንና የመተዳደሪያ ደንቡን ቅጂ ያዙ። ሠርግ ላይ የሚነበብ ውል አይደለም፤ ማታ ማታ የሚነበብ ነው።

ሁለተኛ፣ ውክልና የምትሰጡ ከሆነ ለምታውቁት ሰው ስጡ፤ በየትኛው አጀንዳ ላይ ምን እንዲል እንደምትፈልጉም በጽሑፍ ንገሩት። ባዶ ውክልና ባዶ ቼክ ነው።

ሦስተኛ፣ ጉባኤ ስትሄዱ በግራና በቀኝ የተቀመጡትን ሰዎች ስምና ስልክ ያዙ። ሕጉ ለብቻችሁ ያልሰጣችሁን መብት አንድ ላይ ሆናችሁ ታገኙታላችሁ።

አራተኛ፣ ኦዲተሩ ሪፖርቱን ሲያነብ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ድርጅቱ ከኃላፊዎቹ፣ ከሚስቶቻቸው፣ ከባሎቻቸውና ከወንድሞቻቸው ጋር ስንት ውል አለው?» መልሱ ዜሮ ከሆነ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ዜሮ ካልሆነ ወንበራችሁን አጥብቃችሁ ያዙ።

አምስተኛው ለቦርድ አባላት ነው። «ስም ብቻ ነው» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ስማችሁ ነው እኮ! ካልተስማማችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ፤ አለመስማማታችሁን አስጽፉ። ጸሐፊው አልጽፍም ካለ በደብዳቤ አድርጉት፤ ቅጂውን አስቀሩ። ያልተሰበሰባችሁበትን ስብሰባ አትፈርሙ። ይሉኝታ ይይዛችኋል፤ አውቃለሁ፤ እኔንም ይዞኛል። ጓደኛዬን «አልፈርምም» ብለው ኖሮ ምናልባት ይቀየመኝ ነበር። ግን ምናልባት ደግሞ በጊዜ ይመለስ ነበር። ሳስበው የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ላድነው እችል ነበር።

እነዚያን እናት እስከ ዛሬ አንዳንዴ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። ሰላም ይሉኛል። ልጁ አድጓል። ስለ ዩኒፎርሙ ዳግመኛ አንሥተውብኝ አያውቁም፤ እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ እስካሁን አልደፈርኩም። ይህን ንግግር ስጽፍ ግን አሁን ስንገናኝ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ምስክሮቼ እናንተ ናችሁ።

ሰዓቴ አለቀ። ጸሐፊው እዚያ ጥግ ቁጭ ብለው ቃለ ጉባኤ ሲይዙ አያቸዋለሁ። ጋሼ፣ በዚህ ስብሰባ ላይ ተገኝቷል ብለው ይጻፉልኝ። ይኼኛው እንኳ እውነት ነው። (ሳቅና ጭብጨባ) ከመፈረሜ በፊት ግን አነበዋለሁ።